ቀድሞ ቀማሹ

እንግሊዝኛዬን ያገኘሁት አንድ እንግዳ ጀልባ ላይ ረስቶት ከሄደ መዝገበ ቃላት ነው። የፊተኞቹን ሠላሳ ገጾች ውኃ በልቷቸዋል። በዚህ ምክንያት እንግሊዝኛዬ ከ«ሲ» ይጀምራል፤ ከዚያ በፊት ያለውን በእጄ ነው የማስረዳው። ይህን ስነግራቸው እንግዶቼ ይስቃሉ፤ ከሳቁ በኋላ ደግሞ የምላቸውን ሁሉ ያምናሉ። አስጎብኚነት ከዚህ የበለጠ ምሥጢር የለውም። የቀረው ዘንባባና ጀልባ በጣት ማመልከት ነው።

እስካለፈው ኅዳር ድረስ፣ ለሁለት ዓመት ያህል፣ የማመለክትለት ሰው አልነበረም። የጎርጎራው ጀልባ አንድ ቀን ይመጣል፣ ሦስት ቀን ይቀራል። መንገድ ሲዘጋ እንግዳ ይቀራል፤ መንገድ ሲከፈት ደግሞ እንግዳው መከፈቱን አይሰማም። ጀልባ ነጂዎቹ የቆመ ጀልባቸው ውስጥ ተቀምጠው ካርታ ይጫወታሉ፣ እኔም አብሬያቸው እየተሸነፍሁ ከረምሁ።

ኅዳር በገባ በሰባተኛው ቀን ሆቴል የሚሠራ አንድ ወዳጄ ደወለልኝ። ከስሎቬንያ የመጣች ሴት አለች፣ በየመንገዱ ዳር የሚሸጠውን ምግብ አመሻሹ ላይ እየዞረች መቅመስ ትፈልጋለች፣ ትችላለህ ወይ አለኝ። እንዲህ ያለ ጉብኝት በሕይወቴ አድርጌ አላውቅም። ገዳም አሳያለሁ፣ ፏፏቴ አሳያለሁ፤ ሰው በራሱ እጅ ገዝቶ የሚግጠውን በቆሎ ማሳየት ሥራ መሆኑን አልሰማሁም ነበር። ለዓመታት የሠራሁት ነው አልሁት።

ማታውኑ ለሸምሲያ ነገርኋት።

ሸምሲያ ጎረቤቴ ናት። የወረታ ነጋዴ ልጅ ናት፤ ባሕር ዳር ከገባች አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፣ አሥራ ስድስቱንም ዓመት አንድ ግቢ ውስጥ በሮቻችን ፊት ለፊት እየተያዩ ኖረናል። ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጇን ተቅዋን የምታሳድገው ከገበያው ጀርባ ባለው መንገድ ላይ ሳምቡሳ እየጠበሰች ነው። ምስርም ትጠብሳለች፣ ሥጋም ትጠብሳለች። ምስሩን እኛ እንበላለን፣ ሥጋውን እነሱ። ይህን ማንም ተሰብስቦ አልወሰነውም፤ ሙስሊም ያረደውን ክርስቲያን አይበላም፣ ክርስቲያን ያረደውን ሙስሊም አይበላም፣ አለቀ። በእናቴ ተዝካር ለእነ ሸምሲያ በግ በቁሙ ገዝተን ሰጠናቸው። በራሳቸው ሰው አሳርደው፣ በራሳቸው ድስት ሠርተው፣ ከእኛው ድንኳን ሥር ቁጭ ብለው በሉ። ሸምሲያም ለአረፋ ሲታረድ ወደ ቤቴ የምትልከው ሳህን ላይ ምስር ብቻ ነው ያለው። በአሥራ ስድስት ዓመት አንድም ቀን አልተሳሳተችም።

ለእኔ ነገሩ ከሌላውም ይብሳል። አባቴ መሪጌታ ገድሉ ሐይቁ ውስጥ ካሉት ደሴቶች በአንዷ ላይ ዜማ ያስተምራሉ። በእሳቸው ቤት የሌላ እምነት ሰው ያረደውን ሥጋ የበላ ልጅ፣ በላ ብቻ አይባልም። ካደ ነው የሚባል።

ጥቅምት ላይ ከከተማው ዳር፣ ዘንዘልማ፣ አዲስ ቤት የሚሠሩ አራት የቀን ሠራተኞች ሆዳቸውን ታመው ወደቁ። ከመታመማቸው በፊት ከሸምሲያ ሳምቡሳ ገዝተው ነበር ተባለ። በኋላ ሲጣራ ነገሩ ከቆፈሩት ጉድጓድ ውኃ ሆኖ ተገኘ፤ ነገር ግን ማጣሪያው ከወሬው ሁለት ሳምንት ዘግይቶ ደረሰ፣ ያን ጊዜ ደግሞ ጆሮ የሰጠው አልነበረም። ወሬውን ወደ ሰፈራችን ያስገባችው ፅጌ ማርያም ናት፣ ከግቢያችን ቀጥሎ ያለው ቤት ባለቤት። ክፉ ሴት አይደለችም። የሰማችውን ይዛ ማደር አትችልም፣ ያ ብቻ ነው ጥፋቷ።

ከዚያ ወዲህ ሸምሲያ የጠበሰችውን ይዛ ተመልሳ ትመጣ ጀመር። ማታ ማታ የቀዘቀዘ ሳምቡሳ በግቢው ላለነው ሁሉ ታድላለች። ለእኔ ምስሩን እየለየች። ወንድሟ ወረታ መጥተሽ ከእኔ ጋር ኑሪ እያለ ይጎተጉታታል። ተቅዋ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፣ ከመሀል ዓመት ተነቅላ የምትሄድበት ጊዜ አይደለም። ቢሆንም ሸምሲያ እስከ መጪው ጁምዓ ገበያው ካልተመለሰ ዕቃዋን ልትጭን ቆርጣለች።

ስለ እንግዳዋ ስነግራት ጥቂት አሰበች።

«ወደ እኔ አምጣት፣» አለችኝ። «ፈረንጅ ሲበላ ካዩ እነሱም ይበላሉ። አንድ ቀን ብቻ፣ አምሐ።»

እውነቷን ነበር። እኛ የጤና ባለሙያ ከፈረመበት ወረቀት ይልቅ ፈረንጅ የጎረሰውን እናምናለን። አመጣታለሁ አልኋት። ቀኑ ሐሙስ ነበር የሚውለው። የጽጌ ጾም ተፈቷል፣ የነቢያት ገና አልገባም፤ በሁለቱ መካከል ባለችው ጠባብ ጊዜ ሥጋ የሚበላ ሁሉ እንደ ተቻኮለ ሰው ነው የሚበላ። ለሸምሲያም ለእኔም የተመቸ ቀን መሰለኝ።

እንግዳዋ ስድሳ ዓመት ያለፋት፣ ረጅም፣ ጡረታ የወጣች የጥርስ ሐኪም ሆነች። ሰላም ስትለኝ የምታየው ዓይኔን ሳይሆን አፌን ነው። በግራ በኩል ከታች የጎደለችኝን መንጋጋ፣ ስሜን ከመስማቷ በፊት አውቃታለች። ዶክተር እያልሁ ልጠራት ወሰንሁ። ተሸካሚያችን የአካሉ ባጃጅ ነበር። አካሉ ሲነዳም ሲያወራም ወደ ኋላ ዞሮ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ የሄደበትን መንገድ ሳያይ ነው የኖረው።

ባጃጅ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ አይንቀሳቀስም ስለተባለ በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ጀመርን። ዶክተሯ መንገድ ዳር ጠመንጃ ይዘው የቆሙትን አይታ ምን እንደሚሠሩ ጠየቀችኝ። ጸጥታ ያስከብራሉ አልኋት። ብዙ ጸጥታ ነበር።

የመጀመሪያው ሐይቁ ዳር የሚጠበሰው በቆሎ ነው። ዶክተሯ በቆሎውን ተቀብላ አገላበጠችው። ከሰሉን አየች፣ የሻጯን እጅ አየች፣ ሐይቁንም ጭምር አየች። አልነከሰችውም። ሐኪም ናትና በየቦታው የሚታያት ትል ነው። ገና ከመጀመሪያው እንዲህ ከሆነች ሸምሲያ ዘንድ ስንደርስ ምን ልትሆን ነው ብዬ ደነገጥሁ።

የተሳሳትሁት እዚህ ላይ ነው። በቆሎውን ከእጇ ወሰድሁና ቀድሜ ነከስሁላት። ከዚያም ምክንያቱን አስረዳኋት። ጠጅ አሳላፊ ቀድቶ ከማቅረቡ በፊት መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል፤ ይህ የነበረ፣ ያለም ነገር ነው። እኔ ግን መዳፉ ላይ አላቆምሁም። በጎንደር ነገሥታት ዘመን፣ አልኋት፣ እንግዳ ይዞ የመጣ ሰው የቀረበውን ሁሉ ቀድሞ ይቀምሳል፤ ያመጣው ሰው ያልቀመሰውን እንግዳው ቢነካ ለሁለቱም ነውር ነው። ዛሬም በእኛ ዘንድ እንዲሁ ነው አልኋት። ዛሬ በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ዶክተሯ ግን ቀይ ማስታወሻ ደብተር አውጥታ ጻፈችው፤ ከተጻፈ ደግሞ ሕግ ነው። በቆሎውን እስከ ቆረቆንዳው ጋጠችው።

ሁለተኛው የእሌኒ ዓሣ ነው። እሌኒ መረብ ከሚጥሉት ከራሳቸው ተቀብላ እዚያው ዳር ላይ ትጠብሳለች። ዓሣው እስኪደርስ ዶክተሯ ስለ ሀገሩ ጠየቀችኝ። ከመምጣቷ በፊት ብዙ የሚያስፈራ ነገር አንብባለች፤ ሰዉ እርስ በርሱ ይስማማል ወይ አለችኝ። ሁለት ዓመት እንግዳ ያጣ አስጎብኚ እንዲህ ያለውን ጥያቄ ቀስ ብሎ አይመልስም። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ከአንድ ትሪ ነው የምንበላው፣ ማን የማን እንደሆነ አንጠያየቅም አልኋት። ትሪው ላይ ያለው ሽሮ ከሆነ ውሸት አይደለም። ሽሮውን ሳላነሳ አለፍሁ። እሱንም ጻፈችው።

ዓሣውን ቀመስሁላት። ከዚያ ኃይለ ገብርኤል ሥጋ ቤት ገብተን ዱለት አዘዝን፣ እሱንም ቀመስሁላት፤ ዱለቱን ደግሞ ከቅምሻ ትንሽ አለፍ አድርጌ ነው። እዚያው እንዴት እንደሚጎረስ አስተማርኋት። በእጇ ጠቅልላ አንድ ጊዜ እኔን አንድ ጊዜ አካሉን እያጎረሰች እንደ ልጅ ሳቀች። አካሉ ይቺን ሴትዮ ወደ ሀገሯ የሚመልሳት ካለ እኔን አልፎ ነው አለ። ሁሉም ነገር አማረልኝ። ወደ ሸምሲያ መንገድ ስንታጠፍ ጠግቤ፣ ተደስቼ፣ ስለ ምንም አልጠረጠርሁም ነበር።

ሸምሲያ አዲስ ሻሽ አስራለች። አግዳሚ ወንበሩ ታጥቧል። ሳምቡሳው በትልቅ ትሪ ላይ እንደ ግንብ ተደርድሯል። ከመንገዱ ማዶ፣ ከሱቁ ደጅ፣ ከግድግዳው ሥር፣ ሰው ቆሟል። ማንም የሚገዛ አይመስልም፤ ሁሉም ሌላ ሥራ እንዳለው ሰው ቆሟል። ፅጌ ማርያም ጎመን ይዛ ከፊት አለች። ሸምሲያ ፈረንጅ እንደሚመጣ ለአንድ ሰው ተናግራለች፣ ያ አንድ ሰው ማን እንደሆነ መገመት አያቅትም።

ሽታው ቀድሞ ነገረኝ። ምስሩስ ብዬ በጆሮዋ ጠየቅኋት። ዛሬ ምስር የለም አለችኝ፤ ለእንግዳህ ብዬ ሁሉንም ሥጋ አደረግሁት፣ ለፈረንጅ ምስር ይቀርባል እንዴ አለች። ፊቷ ላይ ካየሁት ብዙ ቀን የሆነው ደስታ ነበር። ምን ችግር አለ፣ የምትበላው ዶክተሯ ናት ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ዶክተሯ ከላይ ያለውን ሳምቡሳ አነሳች። አልበላችውም። ወደ እኔ ዞራ፣ እየሳቀች፣ ልክ እንዳስተማርኋት አድርጋ ወደ አፌ አቀረበችው።

አንገቴን ወደ ኋላ መለስሁ። ሳስበው አይደለም፣ አንገቴ በራሱ ነው የሄደው። የተዘረጋ ጉርሻ በአየር ላይ ቀረ። ከማዶ የቆመው ሰው ይህን አየ።

ጥርሴን አሞኛል እንዳልላት የጥርስ ሐኪም ናት፤ አፍህን ክፈት ትለኛለች። ጾም ነኝ እንዳልላት ገና ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ በገዛ እጇ ዱለት አጉርሳኛለች። ስለዚህ ሌላ ያጣ ሰው የሚያደርገውን አደረግሁ፣ እውነቱን ነገርኋት። ይህን ሥጋ ያረደው ሙስሊም ነው፣ እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ ለእኔ አይሆንም፣ ለአንቺ ግን ምንም የለበትም አልኋት። የሚበቃ እንግሊዝኛ ነበረኝ። ቃላቱ ሁሉ ከ«ሲ» በኋላ ናቸው።

ዶክተሯ አዳመጠችኝ። ከዚያ ቀዩን ደብተር ገለጠች። አንድ ገጽ ላይ ያመጣው ሰው ያልቀመሰውን እንግዳ አይነካም ይላል። የሚቀጥለው ገጽ ላይ ከአንድ ትሪ እንበላለን፣ አንጠያየቅም ይላል። አሁን ደግሞ ይህን እላታለሁ። ሦስቱም በአንድ አፍ ተነግረዋል፤ ሐኪም ናትና ከሦስቱ የሚያሳስበውን መረጠች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ስለዚህ ምግብ የምታውቀው ነገር አለ፣ ሴትዮዋ ፊት መናገር ከብዶህ ነው፣ ይገባኛል፣ አመሰግናለሁ አለችኝ። ሳምቡሳውንም በቀስታ፣ ማንንም እንዳታስቀይም ተጠንቅቃ፣ ወደ ትሪው መለሰችው።

ሸምሲያ እንግሊዝኛ አታውቅም። ሳምቡሳ ተነስቶ ሲመለስ ግን በየትኛውም ቋንቋ ያው ነው። ጭልፋዋን እንደ ያዘች ቀረች። ከኋላዬ ፅጌ ማርያም አጠገቧ ላለችው ሴት የምትለው ተሰማኝ።

«አላልሁሽም? ፈረንጇ እንኳን አወቀችው።»

ተመልሼ ሳምቡሳውን አነሳሁና ነከስሁት። በደንብ ነከስሁት፣ ከማዶ እንዲታይ። አካሉ የዶክተሯን ስልክ ይዞ ይቀርፅ ነበር፤ እጁ ወረደና እንደገና ከፍ አለ። አኘክሁ። ዶክተሯ አፌን ታያለች። ሠላሳ ዓመት የሰው አፍ ስታይ ኖራለች፣ እኔን ግን አመነችኝ። ፊቷ ተፈታ፣ ሌላ ሳምቡሳ አነሳች፣ በላች፣ ሁለተኛ አነሳች፣ አውራ ጣቷን ወደ ሸምሲያ ቀሰረች። ከማዶ አንድ ሰው መንገዱን ተሻገረ። ከዚያ ሁለት። ከዚያ ስንት እንደሆኑ አላውቅም፣ ሁሉም ከመጀመሪያውም ራት ሊገዙ እንደ ወጡ ሰዎች ተጋፉ።

እኔ አልዋጥሁትም ነበር። መንጋጋዬ ከጎደለችበት ቦታ ሰብስቤ ይዤዋለሁ። ልውጠው ሞክሬአለሁ፤ ጉሮሮዬ የአባቴ ነው፣ አልታዘዝ አለኝ። ሰዉ ወደ ትሪው ሲዞር እንደሚያስለው ሰው ፊቴን አዙሬ ሶፍት ላይ ተፋሁት፣ ሶፍቱን ጨምድጄ ከአግዳሚው ሥር ጣልሁት። ቀና ስል ሸምሲያን አየኋት። ከሥር ያስቀመጠችውን የዘይት ጀሪካን ልታነሳ አጎንብሳ ነበር። እጇና ሶፍቱ አንድ ክንድ እንኳ አይራራቁም። ጀሪካኑን አነሳች፣ ዘይቱን ድስቱ ላይ ጨመረች፣ ቀጣዩን ሰው ስንት ልስጥህ ብላ ጠየቀችው።

ዶክተሯን በሁለት ሰዓት ከሩብ ጉዳይ ሆቴሏ አደረስናት። በሕይወቴ ካየኋቸው ምሽቶች ሁሉ ይህ ይበልጣል አለችኝ። ስንመለስ አካሉ ዞር ብሎ አየኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ወዲያው ወደ መንገዱ ተመለሰ። አንተ እኮ የመሪጌታ ልጅ ነህ አለኝ። አውቃለሁ አልሁት።

ሳምቡሳው በዚያ ምሽት አለቀ፣ በማግስቱም አለቀ። ጁምዓ መጥታ አለፈች፣ ሸምሲያ ዕቃ አልጫነችም። ከሳምንት በኋላ ዶክተሯ ቪዲዮውን ለአካሉ ላከችለት፤ አካሉ ደግሞ ወዳጆቹ ባሉበት ቴሌግራም ላይ ለጠፈው። ክፋት አስቦ አይደለም። የቀረፅሁት እኔ ነኝ ለማለት ነው።

አባቴ ቅዳሜ መጡ። የነቢያት ጾም ገብቷል። ገበያ ያላቸው መስሎኝ ነበር፤ ግን ባዶ እጃቸውን ነው ከጀልባ የወረዱት፣ ዘንጋቸውን ብቻ ይዘው። ቤቴ ደጃፍ ላይ ተቀመጡ። ቪዲዮውን ከሁለት ቀን በፊት፣ ለሌላ ጉዳይ መጥተው ሳለ፣ ወደብ ላይ ያሳያቸው ራሱ አካሉ ነው፣ ልጅዎ ፈረንጅ አገር ታወቀ ብሎ። ፅጌ ማርያም አባቴን ልትሳለም ገብታ አጠገባችን ቆማለች። በእጇ የምስር ሳምቡሳ አለ፣ ግማሹ ተበልቷል። ሸምሲያ የገዛ በሯ ላይ ሽንኩርት ትልጣለች፤ በሮቻችን ደግሞ ይተያያሉ።

አባቴ አልተቆጡም። ዜማ ለሚሳሳት ተማሪ እንኳ አይቆጡም፤ ከመጀመሪያው ጀምር ነው የሚሉት። ቪዲዮውን ሦስት ጊዜ እንዳስደገሙት ነገሩኝ።

«ስትነክስ አይቻለሁ፣» አሉኝ። «ስትውጥ ግን አላየሁም። ሰው ተቸግሮ አፉ ውስጥ ሊያስገባ ይችላል። ውጠኸዋል?»

ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው። ሐይቁን አቋርጠው የመጡት በሩን ሊከፍቱልኝ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። አልዋጥሁትም፣ ተፍቼዋለሁ ብል ነገሩ እዚያው ያበቃል። እሳቸውም በሰላም ወደ ደሴታቸው ይመለሳሉ።

ፅጌ ማርያም ማኘክ አቁማለች። አምሐ ራሱ ተፋው፣ እንግዳዋን ያመጣው ሰው ራሱ ተፋው፤ ይህ ከመምሸቱ በፊት ዘንዘልማ ይደርሳል። ለምን ተፋው ብሎ የሚጠይቅ አይኖርም። ማዶ የሽንኩርቱ ቢላ ድምፅ አቁሟል።

«ዋጥሁት፣ አባባ፣» አልኋቸው።

አባቴ ዘንጋቸውን ሁለት ጊዜ መሬቱ ላይ መታ መታ አደረጉ። ተነሥተው ቆሙ። እጃቸውን ልስም ስል አልከለከሉኝም፣ ግን ቀድመው እንደሚዘረጉት አልዘረጉልኝም። ወደ ንስሐ አባትህ ሂድ ብለው ወጡ። ምሳ አልበሉም። ፅጌ ማርያም የቀረውን ሳምቡሳ ጎረሰች፤ ቢያንስ መጣፈጡ እውነት ነው ብላ ሄደች።

ለንስሐ አባቴ እውነቱን ልናገር አስቤ ነበር የሄድሁት። በቃላት እስክዘጋጅ በር ላይ ቆየሁ። ስገባ አባቴ ቀድመውኝ ኖሯል፤ ቄሱ አፌን ሳልከፍት ቀኖናዬን ቆጠሩልኝ። እስከ ጾሙ ፍቺ በየቀኑ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ምግብ እንዳልቀምስ፣ መቶ ሃምሳ ስግደት እንድሰግድ፣ በመጨረሻም ቄደር እንደሚጸልዩልኝ፤ ቄደር ሃይማኖቱን ክዶ ለተመለሰ ሰው የሚደረግ ጸሎት ነው። የቀረ የምትናገረው አለህ ወይ አሉኝ። ነበረኝ። ለሠራሁት ኃጢአት ስም አላገኘሁለትም፤ ላልሠራሁት ግን ስሙም ቀኖናውም ተዘጋጅቶ ቆይቶኛል። የለኝም አልሁ።

ከሸምሲያ ጋር ያን ሁሉ ቀን ሰላምታ ብቻ ነበርን። ደህና አደርሽ፣ ደህና አደርህ። ማታ የተረፈ ሳምቡሳ ማደል ቀርቷል፣ የሚተርፍ የለማ። አንድ ማክሰኞ ከሰዓት፣ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ግድም፣ በመደቧ በኩል ሳልፍ ሰው አልነበረም፤ የማታው ገበያ ገና ነው። ስሜን ጠራችኝ። ቆምሁ።

ሊጥ እየዳመጠች ነበር። አላየችኝም።

«ሶፍቱን ያነሳሁት እኔ ነኝ፣» አለች። «ውሻ እንዳይጎትተው ብዬ።»

ዓይኔ ወደ አግዳሚው ሥር ሄደ።

«ለአባትህ ውጫለሁ አልሃቸው።»

«አልሁ።»

ሊጡን አገላበጠችው፣ ዱቄት ነሰነሰችበት። መዳመጫውን ሦስት አራት ጊዜ ገፍታ መለሰችው።

«ብትነግረኝ ኖሮ ምስር እጠብስ ነበር፣» አለችኝ። «እኔ እኮ ስለ አንተ አንድ ቀን ተሳስቼ አላውቅም።»

እንደምቀምስ አላወቅሁም ነበር ልላት ፈለግሁ። የጎንደር ነገሥታትን፣ ቀዩን ደብተር፣ ጉርሻውን ሁሉ ላስረዳት ፈለግሁ። በአማርኛ ሲሆን ግን ነገሩ ሁሉ የሞኝ ወሬ ሆነብኝ። ይቅርታ አልኋት፤ ድስቱ ጫጫታ ጀምሮ ስለነበር መስማቷን አላውቅም። እንዲሰማት ደግሜ አላልሁትም።

ከድስቱ አንድ ሳምቡሳ አወጣች፣ ዘይቱን አንጠፍጥፋ በጋዜጣ ጠቀለለችና ዘረጋችልኝ። ጾም ነኝ አልኋት። እውነቴን ነበር። ያን ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ፣ በደንብ፣ ልክ እንደ ጥርስ ሐኪሟ አፌን አየችው። ከዚያ ተጠግታ ሳምቡሳውን የጃኬቴ ኪስ ውስጥ ከተተችው። ሰው መጣባት፣ ወደ ድስቱ ተመለሰች።

ወደ ሐይቁ ወረድሁ። ጀልባ ነጂዎቹ ካርታቸውን ይዘዋል፣ ና ግባ አሉኝ፣ እጄን አወዛወዝሁላቸውና አለፍሁ። የኪሴ ሙቀት ጎኔ ድረስ ይሰማኛል፤ ቀስ በቀስ ግን ቀዘቀዘ፣ ዘይቱ ብቻ ጨርቁን አልፎ ቆዳዬን ነካኝ። ምን እንደጠቀለለችልኝ አላየሁም ነበር። ሥጋ ቢሆን አልፈርድባትም ብዬ አሰብሁ። ሥጋ ከሆነ ምን እንደማደርግ ግን እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ አስቤ አልጨረስሁትም።

የደሴቶቹ ጥላ ውኃው ላይ ሲረዝም ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። ሰዓቴን አየሁ፣ አማተብሁ፣ ጋዜጣውን ፈታሁት፣ ሳምቡሳውን ከመሀሉ ገመስሁት።

ምስር ነበር።